አልገድልህም፤ ላድንህ ግን ግዴታ የለብኝም

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ስለ አንድ የፊልም ትዕይንት ላጫውታችሁ። ፊልም ለመተረክ ብዬ አይደለም። በዚያ ትዕይንት የተነገረች አንዲት አጭር ንግግር በእኛ በአማኞች ልብ ውስጥም ቤቷን ሠርታ ስለምትኖር ነው።

ፊልሙ «ባትማን ቢጊንስ» ነው። ክሪስቶፈር ኖላን ያዘጋጀው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 የወጣ ሥራ። ብሩስ ዌይን ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ዓይኑ እያየ ተገደሉበት። አድጎ ገዳዩን ሊገድል ሽጉጥ ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሌላ ሰው ቀደመው። ከዚያ አገር ጥሎ ሄደ፤ በተራራ ላይ የመሸገ አንድ ምስጢራዊ ቡድንም አሠለጠነው። አስተማሪው ራዝ አል ጉል ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ግን የሚገለጠው ኋላ ላይ ነው። ቡድኑ «ወንጀለኛን ያለ ርኅራኄ ማጥፋት ነው ፍትሕ» ብሎ ያምናል። ብሩስ የአንድ ነፍሰ ገዳይን አንገት እንዲቆርጥ ታዘዘ። እምቢ አለ። የሌሊት ወፍ የሚመስል ልብስ ለብሶ ወንጀልን የሚዋጋው ባትማን የሆነው ይህን እምቢታ ይዞ ነው።

አሁን ወደ ትዕይንቱ። ራዝ አል ጉል የብሩስን ከተማ ጎተምን ሊያጠፋ መጥቷል። በውኃ መስመሩ ውስጥ ሰውን በፍርሃት የሚያሳብድ መርዝ ተጨምሯል። ውኃውን ወደ እንፋሎት የሚቀይረው መሣሪያ ባቡር ላይ ተጭኖ ወደ ከተማው እምብርት ይከንፋል። ባትማን እዚያው ባቡር ውስጥ ይደርስበታል። ይታገላሉ። የባቡሩ መቆጣጠሪያ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ከፊት ያለውን ሐዲድ ደግሞ ጎርደን የተባለው ፖሊስ በባትማን መኪና አፍርሶታል። ባትማን አስተማሪውን ከታች አድርጎ ይዞታል። ራዝም ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻ አስፈላጊውን ነገር ማድረግ ተማርክ ወይ? መግደልን ማለቱ ነው። ባትማን ይመልሳል፦ «አልገድልህም፤ ላድንህ ግን ግዴታ የለብኝም።» ወዲያው ክንፉን ዘርግቶ ከባቡሩ ይወጣል። ራዝ ዓይኑን ይጨፍናል። ባቡሩ ወደ ታች ይወርዳል።

የፊልም ሰዎች እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ «አንቲሂሮ» ይሉታል። የሚዋጋው ለበጎ ነገር ነው፤ እጁ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። እኔ እንደዚህ ያሉ ገጸ ባሕርያትን ማየት ለመንፈሳዊ ሰው ይጠቅማል ከሚሉት ወገን ነኝ። ፍጹም ጀግና ሲያሳዩን እናደንቃለን እንጂ ራሳችንን አንመረምርም። እንዲህ ያለው ግን እኛን ይመስላል። ሕግ አለው፤ ሕጉን ይወዳል፤ የሚያመልጥበትን ቀዳዳም ያውቃል።

ለባትማን እንፍረድለት፣ እውነቱን እንናገር። ባቡሩ መቆም ነበረበት። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሊያልቅ ነው። ሐዲዱ መፍረሱ ክፉ ሥራ አይደለም። ራዝም ንጹሕ ሰው አይደለም። ጊዜ ባይኖር፣ አቅም ባይኖር፣ አንዱን ለማዳን ሌላው ሁሉ የሚጠፋ ቢሆን ማንም በባትማን ላይ ጣቱን አይቀስርም።

ግን ንግግሩን ልብ በሉ። «ላድንህ አልችልም» አላለም። «ጊዜ የለም» አላለም። «ግዴታ የለብኝም» ነው ያለው። የአቅም ጉዳይ አይደለም። ሰውየው ሊሞት ነው፣ እኔ ልተርፍ ነው፣ በመካከላችን ምንም ዕዳ የለም እያለው ነው። ደግሞ ወጥመዱን ያዘጋጀው ማን ነው? ሐዲዱ የፈረሰው ባትማን በሚያውቀው ዕቅድ ነው። ሰውየውን ወለል ላይ ጥሎ የያዘው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ «እኔ አልገደልኩም» ማለት ለሕሊና የተሰጠ ማስታገሻ እንጂ እውነት አይደለም። ፊልሙ ግን ይህን ንግግር እንደ ድል ያቀርበዋል። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ክንፉ ይዘረጋል፣ እኛም በደስታ እናጨበጭባለን። ቆም ብለን ማሰብ ያለብን እዚህ ጋ ነው።

ፊልሙን ወደ ኋላ መለስ አድርገን ስናየው ነገሩ ይብሳል። ብሩስ የቡድኑን ቤት አቃጥሎ ሲሸሽ፣ ይኸው አስተማሪው ራሱን ስቶ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ገደል ሊገባ ነበር። ብሩስ ያን ጊዜ ግዴታ ይኑርብኝ አይኑርብኝ ብሎ አልጠየቀም። ተወርውሮ ያዘው። ከገደሉ አፋፍ ጎትቶ አወጣው፤ ወደ መንደር ወስዶም አስጠጋው። ማዳን የሚችል እጅ እንዳለው አስቀድመን አይተናል ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ይህ ነው። ባቡሩ ላይ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ሌሊት፣ ራዝ የብሩስን ቤት አቃጥሎ ነበር። ብሩስ ምሰሶ ተጭኖት እሳት ውስጥ ቀረ። ራዝም ቤቴን አቃጥለህ ልሞት ተውከኝ፣ አሁን እኩል ሆንን የሚል ንግግር ተናግሮት ሄደ። ብሩስን ያወጣው አልፍሬድ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው ሽማግሌ። ብሩስ የአባቱን ቤት አስበልቶ፣ ሁሉን አበላሽቶ፣ አፍሮ ተቀምጧል። ዛሬም ተስፋ አልቆረጥክብኝም ወይ ብሎ ጠየቀው። አልፍሬድ «በፍጹም» አለው።

እንግዲህ አስቡት። ከእሳት ወጥቶ ገና ጭሱ ከልብሱ ያልለቀቀ ሰው፣ ሌላውን «ላድንህ ግዴታ የለብኝም» አለው። የተነገረበትን «እኩል ነን» መልሶ ተናገረው፤ በሌላ ቃል ብቻ። ራዝ መግደልን ሊያስተምረው ፈልጎ ነበር፤ ያንን አልተቀበለም። ሒሳብ መያዝን ግን ተምሮለታል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተናገረው ምሳሌ ይህ አይደለም ወይ? አንድ ባሪያ የአሥር ሺህ መክሊት ዕዳ ተተወለት። በዕድሜ ልክ ሥራ የማይከፈል ዕዳ ነው። ከጌታው ፊት እንደወጣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አገኘና አነቀው። ስናነበው «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው!» እንላለን። እርሱ ግን በራሱ ዓይን ክፉ አልነበረም። መቶ ዲናሩ በእውነት የእርሱ ነበረ። በሕግ ቢሄድ ይረታል። ጌታው የጠየቀው ስለ ሕጉ አይደለም፤ «እኔ እንደ ማርሁህ አንተ ደግሞ ልትምረው አይገባህምን?» ነው ያለው። ምሕረት ያገኘ ሰው ዕዳ አለበት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ግዴታ የለብኝም» የሚል ንግግር በአፉ ሊያምርበት አይችልም።

አንዳንዶቻችን እንዲህ ልንል እንችላለን፦ መግደል አንድ ነገር ነው፣ አለማዳን ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይከብድም? ወደ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እንሂድ። ምኵራብ ውስጥ እጁ የሰለለች ሰው አለ። ቀኑ ሰንበት ነው። ሊከሱት የሚጠባበቁ ሰዎች ጌታን አፍጥጠው ያያሉ። እነርሱ ሰውየውን ልንጉዳው አላሉም። ዛሬ ይቅር፣ ይቆይ ነው ነገራቸው። ጌታ ግን ሰውየውን በመካከል አቆመና ጠየቃቸው፦ በሰንበት የተፈቀደው በጎ ማድረግ ነው ወይስ ክፉ? ነፍስ ማዳን ነው ወይስ መግደል?

«ይቆይ» የሚለው ምርጫ ከጥያቄው ውስጥ የለም። ጌታ አወጣው። ወይ ታድናለህ፣ ወይ ትገድላለህ። እነርሱም ዝም አሉ። ማርቆስ ስለ ልባቸው ድንዛዜ እያዘነ በቁጣ ተመለከታቸው ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ያስደነግጣል። በሰንበት መፈወስ አይገባም ያሉት ሰዎች በዚያው ሰንበት ወጥተው ጌታን እንዴት እንደሚያጠፉት ተማከሩ። ላለማዳን ምክንያት የሚፈልግ ልብ ወደ መግደል ለመድረስ ብዙ መንገድ አልቀረውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ይህን ነገር የተናገረ ሰው በኦሪት አለ። ይሁዳ ነው። የዮሴፍ ወንድሞች ልጁን ውኃ በሌለው ጉድጓድ ጣሉትና እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ። ይህን አልፋችሁ አትሂዱ፤ ወንድማቸው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እነርሱ ይበላሉ። ያኔ ይሁዳ ምክር አመጣ፤ ለእስማኤላውያን እንሽጠው፣ እጃችን ግን በእርሱ ላይ አትሁን፣ ወንድማችን ሥጋችን ነውና። እንዴት ያለ ርኅሩኅ ንግግር ነው! እጅ አልነካውም፣ ደም አልፈሰሰም። ልጁ ግን ወደ ባርነት ሄደ፤ አባቱም እንደ ሞተ ልጅ አለቀሰለት።

20 ዓመት ገደማ አለፈ። ወንድማማቾቹ በግብፅ ተጨንቀው ሲቆሙ እርስ በርሳቸው የተናዘዙትን አንብቡ፤ ዘፍጥረት 42 ቁጥር 21። ሸጥነው ብለው አይደለም የጀመሩት። እየማጠነን ጭንቀቱን አይተን አልሰማነውም ነው ያሉት። ያ ሁሉ ዓመት ከጆሯቸው ያልወጣው የልጁ ልመና ነው። «እጃችን አልነካውም» የሚለው መከላከያ አንዲት ሌሊት እንኳ አላስተኛቸውም።

ይሁዳን ግን እዚያ አንተወው። መጽሐፍ ቅዱስም አልተወውም። በምዕራፍ 44 ብንያም በግብፅ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ሲል የሚቆመው ይኸው ይሁዳ ነው። አሁንም አባቱ ከእርሱ ይልቅ የሚወደው ልጅ ነው የተያዘው። ዝም ቢል ማን ይወቅሰዋል? ተሰረቀ የተባለው የገዥው ጽዋ በብንያም ስልቻ ተገኝቷል። ይሁዳ ግን በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። አንቲሂሮ ብለን የምንጠራው ገጸ ባሕርይ በፊልም ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ነበረ ይቀራል፤ ቀዳዳውን እንደ ያዘ። በቅዱስ መጽሐፍ ግን «እጄ አይንካው» ያለው ሰው «በእርሱ ፈንታ እኔን» እስከሚል ይለወጣል። ጌታችን ከዚህ ሰው ነገድ መወለዱን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ይህ ንግግር በእኛ ሕይወት ባቡርና ክንፍ የለውም። ስልክ ይጠራል፤ ስሙን ታያለህ፤ ያ ያዋረደህ ሰው ነው። ችግር ላይ መሆኑን ሰምተሃል። ስልኩን ድምፁን አጥፍተህ ትገለብጠዋለህ። ክፉ አልተናገርክም፣ አልረገምክም። ወይም በአንድ ቦታ ሥራ መኖሩን ታውቂያለሽ፤ እርሷም ሥራ ፈላጊ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ግን ያኔ የሠራችውን ስለማትረሺ አትነግሪያትም። ወይም ደግሞ ሰው ሲታማ ተቀምጠን እንሰማለን፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅን። «እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም» እንላለን፤ እውነት ነው፣ አልተነፈስንም። ያዕቆብ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፏል፦ «በጎ ለማድረግ አውቆ ለማይሠራው ኃጢአት ነው።» ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ፣ ማዳን እየቻለ በስስት ዝም ያለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር ቆጥሮ አስተምሯል።

አሁን ይህን እያነበባችሁ ልባችሁ የቆሰለ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የደበደባችሁ ሰው፣ የደፈራችሁ፣ ቤታችሁን ያፈረሰ ሰው ትዝ ብሏችሁ «እርሱንም ላድነው ነው?» ትላላችሁ። አይዟችሁ። ሰውን ማዳን ማለት ከፍርድ ማስመለጥ አይደለም። ባቡሩ መቆም ነበረበት ያልኩት ለዚህ ነው። ወንጀልን ለሕግ ማመልከት፣ ከሚጎዳ ሰው መራቅ፣ ልጆችን መጠበቅ ኃጢአት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ዳዊትም ሳኦልን ሁለት ጊዜ በእጁ አግኝቶ አልገደለውም፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ ግን ከእርሱ ጋር አልኖረም። ርቀቱን ጠበቀ። ጦሩን መለሰለት፣ መንገዱን ሄደ።

ለቀሩት፣ ለዕለት ተዕለት ቅያሜዎቻችን፣ ዘጸአት 23 ቁጥር 5 ብዙ ሰው የማያስተውለው ትእዛዝ አለው። የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቃ ብታያት ትተሃት አትለፍ፤ አብረኸው አንሣት ይላል። መጀመሪያ ታረቁ አላለም። በልብህ ውደደው ብሎም አልጀመረም። ሸክሙ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱን እርሱ ይያዝ፣ አንዱን አንተ ያዝ። በዚህ ሳምንት የማን ሸክም መንገዳችሁ ላይ እንደ ወደቀ ታውቃላችሁ። ሰውየው ካጠገቡ ቆሟል፤ በአንድ ወገን ብቻውን ማንሣት አልቻለም።