ዴብ ፋይል ስለወጣ ፓኬጅ ሰራህ ማለት አይደለም

የሊኑክስ ፕሮግራም ተጠቅልሎ የሚጫንበትን ፓኬጅ (በዴቢያንና በኡቡንቱ ዴብ፣ በፌዶራ አርፒኤም ይባላል) በእጅ መስራት ይሻላል ወይስ በቱል በሚለው ላይ ሁሌ አንድ አይነት ወሬ ነው የምሰማው፣ በጣም ሰልችቶኛል።

«ራስህ ኮምፓይል ካደረግከው (ከሶርስ ኮዱ ከገነባኸው) ይፈጥናል»፦ ለአብዛኛው ፕሮግራም ልዩነቱን ልብ አትለውም፣ የዲስትሮው (እንደ ዴቢያን ያለው የሊኑክስ ስርጭት) ፓኬጅም ኦፕቲማይዝ ተደርጎ ነው የተገነባው።

«ኤሊየን አርፒኤሙን ወደ ዴብ ከቀየረው በቃ»፦ አይበቃም። ኤሊየን የፓኬጅ ዓይነት የሚቀይር ቱል ነው፣ ኢንስቶል ሲደረግ የሚሮጡትን ስክሪፕቶች ካላዘዝከው ትቷቸው ነው የሚያልፈው፣ ሰርቪሱ የሚፈልገው ዩዘር ሳይፈጠር ይቀራል።

«ሱዶ ሜክ ኢንስቶልም ያው ነው»፦ ይሄ ትዕዛዝ የገነባኸውን በቀጥታ ሲስተሙ ውስጥ ነው የሚገለብጠው፣ ፋይሎቹን ዲፒኬጂ (ዴብ የሚጭነውና የሚያጠፋው ፕሮግራም) አያውቃቸውም፣ ላጥፋው ስትል አንድ በአንድ እየፈለግክ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን «ቼክኢንስቶል ሁሉንም ይጨርሳል» የሚለው ነው። ቼክኢንስቶል እኮ የሚያደርገው ሜክ ኢንስቶል ሲሮጥ የትኛው ፋይል የት እንደገባ ተከታትሎ መጠቅለል ነው፣ ዲፔንደንሲውን (ፕሮግራሙ እንዲሰራ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር) አንተ ካልሞላህለት ባዶውን ይተወዋል። አንተ ጋ የሚሰራው ኮምፓይል ለማድረግ ብለህ ላይብረሪዎቹን ቀድመህ ስለጫንካቸው ነው። አንድ የስራ ባልደረባዬ እንዲህ የሰራውን አዲስ ሰርቨር ላይ ጫንነው፣ ዲፒኬጂ ምንም ሳይል ተቀበለው፣ ፕሮግራሙ ግን ገና ሲነሳ ወደቀ፣ ኤልዲዲ ብለን (ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝር ትዕዛዝ ነው) ስናየው ሊብፒኪው (የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይብረሪ) ጎን «ኖት ፋውንድ» ይላል፣ የፓኬጁ መረጃ የሚጻፍበትን ኮንትሮል ፋይል ስንከፍተው ደግሞ ዲፔንድስ የሚል መስመር ጭራሽ የለም።

ይሄን ሰምቶ «እንግዲያው ሁሉንም በእጄ እጽፋለሁ» የሚልም አለ፣ እሱም ተሳስቷል። ዴብሄልፐር (የዴቢያን ፓኬጅ መስሪያ ቱሎች ስብስብ) የሚጠራው ዲፒኬጂ ሽሊብዴፕስ ባይነሪውን (ኮምፓይል የተደረገውን ፋይል) ራሱን አንብቦ የቱ ላይብረሪ ከየትኛው ፓኬጅ፣ ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሚያስፈልግ ያወጣል፣ በግምት ከምትጽፈው መቶ እጥፍ ይሻላል። የማያየው ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ በዲኤልኦፕን ፈንክሽን የሚከፍታቸው ላይብረሪዎችና ከስክሪፕት ውስጥ የሚጠራቸው ሌሎች ፕሮግራሞች። እነሱን በእጅህ ጨምር፣ የእጅ ስራ የሚያስፈልገው እዛ ላይ ነው።

ደግሞ እባካችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ገንብታችሁ አትላኩ። ዴቢያን ወይ ኡቡንቱ ከሆነ ኤስቢውልድ ወይ ፒቢውልደር፣ ፌዶራ ከሆነ ሞክ ተጠቀሙ፣ ከባዶ ሲስተም ተነስተው፣ ከመሰረታዊ የግንባታ ቱሎች ሌላ፣ ቢውልድ ዲፔንድስ (ለመገንባት የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ዝርዝር፣ በፌዶራ ቢውልድሪኳየርስ) ውስጥ የጻፍከውን ብቻ ነው የሚጭኑት፣ ስለዚህ የረሳኸው ካለ ተጠቃሚው ጋ ሳይደርስ እዛው ይሰበራል። ከዛ ዴብ ከሆነ ሊንቲያን (የፓኬጅ ስህተት ፈታሽ ቱል) አስኪድበት፣ ንጹህ ማሽን ላይ ጫነው፣ መጫኑን ብቻ አይተህ አትተወው፣ አስነሳና አሰራው፣ በመጨረሻም ፐርጅ አድርገህ (ከነኮንፊገሬሽን ፋይሉ አጥፍተህ) የቀረ ፋይል ካለ እይ።