ስለ ቤት ግብር የሚወራውና እውነታው (ለኛ ለዳር ሰፈር ሰዎች)

ከአያት እስከ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው የጣሪያና ግድግዳ ግብር (የቤት ግብር ማለት ነው) ሆኗል፣ እድር ላይ ይነሳል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይነሳል፣ ከሚወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው። ሰው ተናደደ ብዬ አልፈርድም፣ እኔም ደስ ብሎኝ የምከፍል ሰው አይደለሁም። ችግሩ ሁሉም ፐርሰንቱን ይዞ ይጮሃል፣ ኪሳችንን የሚነካው ግን ከፐርሰንቱ ይልቅ ግምቱ ነው፣ ማለትም ቤትህ ስንት ያወጣል ብለው የጻፉት ቁጥር። እሱን ደግሞ አብዛኛው ሰው ወረቀቱ ላይ አይቶት አያውቅም። እስቲ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

"ይሄ ግብር አዲስ ነው፣ ድሮ አልነበረም"

ኧረ ነበረ፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1968 አዋጅ ቁጥር 80 ወጣና የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር ተደነገገ። ሁለት ነገር ናቸው፣ ለመሬቱ የቦታ ኪራይ፣ ለቤቱ ደግሞ የቤት ግብር። በዚህ አዋጅ የቤቱ የሚሰላው "ይሄ ቤት ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል" ተብሎ ተገምቶ ከዛ ላይ እንደ እርከኑ ከ1 እስከ 4.5 ፐርሰንት ነው። ግምቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ስለቆየ የሚከፈለው ብር ትንሽ ነበር፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው ትዝ የማይለው።

"በ2015 ፐርሰንቱን ነው የጨመሩት"

አይደለም። በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ የተነሳው የኪራይ ግምቱ ነው። ብዙ ሰው "ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ የምከፍለው ጨመረ" ይላል፣ ልክ ነው ብሩ ጨምሯል፣ ግን ከየት እንደጨመረ ካላወቅክ የት ሄደህ እንደምትከራከር አታውቅም። እና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የፍትሃዊነቱ ነገር ያለው እዚህ ነው።

የ1968ቱ አዋጅ ሲወጣ ለደሃው አስቦ ነበር። እርከን አለው፣ ዝቅተኛ ግምት ያለው 1 ፐርሰንት፣ ከፍ ያለው እስከ 4.5። ከዛም አልፎ ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ ከ300 ብር የማይበልጥ መኖሪያ ቤት ጭራሽ ነፃ ነው ይላል። በዓመት 300 ብር! በወር 25 ብር ማለት ነው። በዛ ዘመን በ25 ብር የሚከራይ ቤት ሞልቶ ነበር፣ ዛሬ ግን 25 ብር አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ስለዚህ ግምቱን ወደ ዛሬ ብር አምጥተህ እርከኑንና የነፃውን ጣሪያ በ1968 ብር ከተውከው የጭቃ ቤቱም ቪላውም ተያይዘው ላይኛው እርከን ላይ ቁጭ ይላሉ። ፐርሰንቱ አልተነካም፣ ግን ደሃውን እንዲከላከል የተቀመጠው ነገር በኑሮ ውድነት ተበልቶ አለቀ። እኔ የማልስማማው እዚህ ጋ ነው፣ ግምት መታደሱ ላይ ችግር የለኝም፣ ግምት ሲታደስ እርከንም አብሮ መታደስ አለበት። ጠበቆች የጭማሪውን የህግ መሰረት ጠይቀው ፍርድ ቤት ድረስ መሄዳቸውም ነገሩ ዝም ብሎ የሰፈር ጭቅጭቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

"ትልቅ ቤት ያለው ሀብታም ነው፣ ይክፈላ"

ይሄን የሚሉት ብዙ ጊዜ ተከራዮች ናቸው፣ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን እኛ ሰፈር ያለውን ልንገራችሁ። አንዲት ጡረተኛ እናት አሉ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ግቢው ነባር ይዞታ ነው፣ ዋናው ቤት ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኋላ በኩል ሰርቪስ አለ። ከአጥሩ ማዶ በስፋት ተመሳሳይ ግቢ ላይ ጂ ፕላስ 1 ተሰርቶ እስከ ሰርቪሱ ድረስ ተከራይቷል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ሁለት ሱቅ። ሰፈሩ አንድ ስለሆነ መሬቱ የሚገመተው ባንድ ዓይን ነው። አንዱ ከግቢው በየወሩ ብር ይሰበስባል፣ እሳቸው ደግሞ ከግቢያቸው የሚሰበስቡት ጎመንና ጌሾ ነው። ሰፈሩ ላይ አስፋልት ሲገባ ደላላው ዋጋ ጨመረ፣ የሳቸው ጡረታ ግን አስፋልት ገባ ብሎ አይጨምርም።

ወረቀታቸውን አይቼዋለሁ። ሰርቪስ ሦስት ክፍል ይላል፣ አንዱ ክፍል ግን ፈርሶ አሁን ማገዶ የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ ነው። የግድግዳው ዓይነት የሚለው ላይ ደግሞ ብሎኬት ተብሎ ተሞልቷል፣ ቤቱ ግን ውጪው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ነው፣ ያየው ሰው አጥር ላይ ቆሞ አይቶ ሄዷል ማለት ነው። እሳቸው እንግዲህ ፐርሰንቱን ሲራገሙ ነው የከረሙት።

"ካቃታቸው ሸጠው ይሂዱ" የሚል መልስ እሰማለሁ፣ እንደዚህ የሚል ሰው እድር ማለት ምን እንደሆነ፣ ቀባሪ ጠያቂ ጎረቤት ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም መሰለኝ። ሌላ አገር እንዲህ ላለ ሰው መላ አለው፣ ለጡረተኛ ቅናሽ ይደረጋል፣ ወይ ደግሞ ግብሩ እየተመዘገበ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ይከፈላል። እኛ ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ "ቤት ጭራሽ ግብር አይገባውም" የሚሉትም አይገቡኝም። ደሞዝተኛው ብሩ እጁ ሳይገባ ነው የሚቆረጥበት፣ አራት ቦታ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቀው ሰውዬ ግን ምን ከፈለ? ንብረት ላይ ግብር መኖሩ እሱንም ለማግኘት ነው።

"ሊዝ እየከፈልኩ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም" እና "ኮንዶሚኒየሙ የባንክ ነው፣ ባንኩ ይክፈል"

ሊዝ ለመሬቱ የመጠቀም መብት የገባኸው ውል ነው፣ የቤት ግብር ደግሞ እላዩ ላይ ለሰራኸው ቤት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። የባንኩም ብድር ነው፣ ቤቱን በመያዣ ያዘው እንጂ ባለቤት አልሆነም። በቃ።

"የኪራይ ገቢ ግብር ስለከፈልኩ ጣሪያና ግድግዳ ቀርቶልኛል"

አልቀረም። የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር ህጉ ሠንጠረዥ ለ ስር ያለ ነው፣ በእርግጥ ካገኘኸው ኪራይ ላይ ነው የሚሰላው። የቤት ግብሩ ግን ብታከራይም ባታከራይም፣ ራስህ ብትኖርበትም፣ ዘግተኸው ውጪ ብትሄድም አለ። ሰው የሚምታታው ሁለቱም "ኪራይ" የሚል ነገር ስላለባቸው ነው፣ አንዱ የተገኘ ኪራይ ነው፣ ሌላው "ቢከራይ ኖሮ" የሚል ግምት። እዚህ ጋ ከአከራዩ ይልቅ የሚጎዳው ራሱ የሚኖርበት ሰው ነው፣ ላላገኘው ኪራይ ነዋ የሚገመትበት።

"ተከራይን አይነካውም"

በወረቀት አዎ፣ ደረሰኙ የሚቆረጠው በባለቤቱ ስም ነው። በተግባር ግን አከራይ የጨመረበትን ወደ ተከራዩ ለመግፋት መሞከሩ አይቀርም። አሁን ግን እንደድሮው ልቅ አይደለም፣ በመጋቢት 2016 የፀደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፣ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ጊዜው ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ "ግብር ጨመረብኝ" ብሎ በወሩ 2 ሺህ ብር ጨምር የሚል አከራይ ህግ የለውም። ግን ውል ያላስመዘገበ ተከራይ በምን ይከራከራል? ዳር ሰፈር ደግሞ አብዛኛው በቃል ነው የሚኖረው፣ ውል እንጻፍ ያልክ ቀን ዕቃህን አውጣ ትባላለህ። እና የግብሩን ጫና መጨረሻ ላይ የሚሸከመው ወረቀት የሌለው ሰው ነው።

"ግብር ከከፈልኩ ቤቴ ህጋዊ ይሆናል"

ይሄ ዳር ላይ በጣም አደገኛው ነው። ጨረቃ ቤት (ያለ ፈቃድ የተሰራ ቤት) የገዛን ሰው ደላላው "አይዞህ፣ ግብር ትገብርበታለህ፣ ደረሰኝ ካለህ ማንም አይነካህም" ይለዋል። ደረሰኝ ካርታ አይደለም። ግብር መክፈልህ ከፈልክ ማለት ብቻ ነው፣ ይዞታህን የሚወስነው ቦታው መቼና እንዴት ተያዘ፣ የአየር ፎቶው ላይ ይታያል ወይ፣ ከፕላኑ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለው ነው። ደረሰኙን አትጣሉት፣ ከሌላ ማስረጃ ጋር አብሮ ሊያግዝ ይችላል፣ ግን እሱን ብቻ አምኖ ሚሊዮን ብር መክፈል እብደት ነው። ተቃራኒውም ስህተት አለ፣ "ካርታ ስለሌለኝ አልጠየቅም" ብሎ ዓመታት ዝም ብሎ ከርሞ ካርታ ሊያወጣ ሲሄድ ውዝፉ ከነቅጣቱ የሚጠብቀው ሰው ሞልቷል።

"ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣልኝ፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ስለዚህ አልከፍልም"

ይሄ ንዴት ነው፣ እና ንዴቱ ልክ ነው፣ ግን በህግ አያስኬድም። ግብር እንደ ውሃ ቢል የተጠቀምክበትን ቆጥረው የሚያስከፍሉህ አይደለም። ልክ የሚሆነው ክርክር ሌላ ነው፣ ግምቱ ሲሰራ የሰፈር ደረጃ አለ፣ መንገድ፣ ውሃና መብራት በሌለበት ሰፈር ያለ ቤት አስፋልት ዳር ካለ ቤት እኩል ሊከራይ አይችልም። ስለዚህ "አልከፍልም" ከማለት "ሰፈሬ ደረጃው ተሳስቷል" ማለት ያዋጣል።

በነገራችን ላይ የአንዱን ወሬ ለሌላው አታድርጉት። ለሚ ኩራ ያለ ሰው ለአዲስ አበባ ነው የሚከፍለው፣ ከ2014ቱ የወሰን ስምምነት በኋላ ወደ ኦሮሚያ የተካለለው ኮዬ ፈጬ ያለው፣ እንዲሁም ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ያለው ደግሞ ሸገር ከተማ ስር ነው። ዘመድህ ቡራዩ ያንን ያህል ከፈለ ብለህ አንተ የካ ላይ ብትከራከር ማንም አይሰማህም።

"አዲሱ የንብረት ታክስ 1 ፐርሰንት ነው፣ 6 ሚሊዮን ቤት ያለው በዓመት 60 ሺህ ሊከፍል ነው"

በጣም የተዛመተ ስሌት ነው፣ ስህተት ነው። የፌዴራሉ የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ጥር 6 ቀን 2017 ፓርላማ ላይ ፀድቋል፣ ግን እንደዛ አይልም። መጀመሪያ ነገር ታክሱ የሚሰላው ከሙሉው ዋጋ ላይ ሳይሆን ከዋጋው 25 ፐርሰንት ላይ ነው። ሁለተኛ 1 ፐርሰንት ጣሪያው ነው፣ ለህንፃ ከ0.1 እስከ 1፣ ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 ነው የተቀመጠው። እንስራው፣ ቤቱ ብቻውን 6 ሚሊዮን ተገመተ እንበል፣ 25 ፐርሰንቱ 1.5 ሚሊዮን ነው፣ በዝቅተኛው በ0.1 ከሆነ 1,500 ብር፣ በጣሪያው በ1 ፐርሰንት ከሆነ 15,000 ብር። የመሬቱ ለብቻው ተሰልቶ ይጨመራል።

1,500 እና 15,000 አንድ አይደለም እኮ! አሥር እጥፍ ነው። አዋጁ ማዕቀፍ ነው፣ በዛ ውስጥ የትኛው ቁጥር እንደሚሆን የሚወስነው ክልሉና የከተማ አስተዳደሩ የሚያወጣው ህግ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን "ለምን መጣ" ብቻ ሳይሆን "ለመኖሪያ ስንት፣ ለንግድ ስንት፣ ዳር ላለው ስንት፣ ማነው የሚገምተው" የሚለውን ነው። ይሄን ጥያቄ ስብሰባ ላይ ያነሳ ሰው ግን ብዙም አላየሁም፣ 60 ሺህ ብሎ የጮኸው ነው የሚጨበጨብለት።

(ቤተክርስቲያንና መስጊድም ሊከፍሉ ነው የሚባለው ውሸት ነው፣ የአምልኮ ቦታ በ1968ቱም ነፃ ነበር፣ በአዲሱም ነፃ ነው።)

"ቅሬታ ዋጋ የለውም፣ ማንም አያየውም"

ግማሽ እውነት አለው፣ ምልልሱ ያሰለቻል፣ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይልክሃል። ግን ፐርሰንቱ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ነው ዋጋ የሌለው፣ እሱን ወረዳው ሊነካው አይችልም። የሚነካው ወረቀትህ ላይ የተሞላው መረጃ ነው። የእኚያ ጡረተኛ እናት ልጅ የፈረሰውን ክፍልና የጭቃውን ግድግዳ ፎቶ አንስቶ ካርታውን ይዞ ሲሄድ ባለሙያ መጥቶ በሜትር ለካና ተስተካከለ፣ ነፃ አልወጡም፣ ግን የሌለ ክፍል ከመክፈል ተረፉ።

ስለዚህ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ከመክፈላችሁ በፊት የግምት ዝርዝሩን ጠይቁና ካሬ ሜትሩን ከካርታችሁ ጋር አስተያዩት፣ የግድግዳውን ዓይነት እዩ፣ መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ የሚለውን እዩ (ዱሮ ዘግታችሁት ያላሳወቃችሁት ሱቅ እዛ ላይ ንግድ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል)፣ የሰፈሩን ደረጃ ከጎረቤት ጋር አመሳክሩ። የተሳሳተ ካለ በቃል አትንገሯቸው፣ ጽፋችሁ አስገቡና የእናንተ ኮፒ ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉ፣ የመክፈያው ጊዜም እንዳያልፍባችሁ ጠይቁ፣ ቅሬታው ገና እየታየ ቅጣት የተቆጠረበት ሰው አውቃለሁ።