ድፎ ዳቦ፦ በኮባ ተጠቅልሎ የሚጋገረው የቤት ዳቦ

ድፎ ዳቦ ከስንዴ ዱቄት ተቦክቶ፣ በኮባ (በእንሰት) ቅጠል ተሸፍኖ በምጣድ ላይ የሚጋገር ትልቅ፣ ክብና ወፍራም ዳቦ ነው። ከዳቦ ቤት ከሚገዛው የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ቅርፊቱ ስስ ነው። ውስጡ ለስላሳና እርጥበት ያለው ነው። ጠረኑ ደግሞ የቅጠልና የጥቁር አዝሙድ ድብልቅ ነው፤ ድፎ የተጋገረበት ግቢ ከበር ያስታውቃል። በአብዛኛው የሚጋገረው ለአውዳመት፣ ለማኅበር፣ ለክርስትናና ለምርቃት ነው። ለአንድ ሰው ድፎ የሚጋግር የለም።

ስለ እንጀራ ብዙ ተጽፏል። ጤፉ ተመርምሯል፣ ምጣዱም ተጠንቷል። ድፎ ግን በጋጋሪዎቹ እጅ ላይ ቀርቷል። ስለ ስንዴው መዛግብት ይናገራሉ፤ ስለ አጋገሩ የሚናገሩት እናቶች ናቸው።

ዘመዶቹ

ድፎ ብቸኛ ዳቦ አይደለም። በትግራይና በኤርትራ ሕምባሻ አለ፤ ከላዩ በጥንቃቄ የተቀረጸ፣ ከድፎ የሳሳ ዳቦ ነው። ሙልሙል ትንሽ ነው፤ ለቡሄ ልጆች ይሰጣል። ሕብስት በእንፋሎት ይበስላል። ቂጣ ደግሞ እርሾ አይጠብቅም፤ ለቸኮለ ሰው ነው። በደቡብ ከእንሰት የሚሠራው ቆጮም በኮባ ተጠቅልሎ ስለሚጋገር በአሠራሩ ለድፎ ይቀርባል። ድፎ የት ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ ሸዋም፣ ጎንደርም፣ ጎጃምም የኛ ነው ይላሉ። ማንን ማስቀየም ይቻላል? ሦስቱም ጋ ጥሩ ድፎ አለ።

ስንዴው

በአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡን ምስል ከግራና ከቀኝ ያጀቡ ሁለት የእህል ዛላዎች ይታያሉ። ስንዴ ነው የሚሉ አሉ፣ ገብስ ነው የሚሉም አሉ። ለዳቦ ወዳጅ ስንዴ ቢሆን ደስ ይላል። የሆነው ሆኖ ንጉሥ በወርቅ ላይ ከራሱ መልክ ጎን የሚያስቀርጸው እህል ተራ እህል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት በደጋው ስንዴ ሲዘራ፣ ዳቦም ሲጋገር ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ እንሰት ጽፏል። የተቀቀለው እንሰት ጣዕሙ ገና በደንብ ያልበሰለ ጥሩ ትኩስ የስንዴ ዳቦ ይመስላል አለ። ሰውየው ሳያስበው ዳቦውንና የዳቦውን ልብስ አንድ ላይ አነሳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ያየው የስንዴ ዓይነት ብዛት አስደነቀው። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለውም አለ። አገሪቱን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች መካከል አስገባት። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የስንዴ ዱር ዘመዶች እዚህ ስለማይገኙ መፍለቂያ ከማለት ይልቅ የብዝኃነት ማዕከል ማለቱን ይመርጣሉ። ልዩነቱ ለሊቃውንቱ ትልቅ ነው። ለገበሬው ግን ያው በእጁ ያቆየው ዘር ነው።

ያ ዘር እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር ዘሮችን ከገበሬዎች ጋር ሆነው በመጠበቃቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ስማቸው ከዚህ በላይ ሊነሳ የሚገባ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአገሩ ነባር ስንዴ በአብዛኛው የግብርና ባለሙያዎች ዱረም ወይም የማካሮኒ ስንዴ የሚሉት ነው። አያቶቻችን ድፎ የጋገሩት ዛሬ የማካሮኒ በሚባለው ስንዴ ነው ማለት ነው። የዳቦ ስንዴ የሚባለው በብዛት የተስፋፋው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በተለይ በአርሲና በባሌ ነው። ለዚህም በአርሲ የሚገኘው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ለጋጋሪዋ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። የዳቦ ስንዴ ሊጡ ይለጠጣል፣ በደንብም ይነፋል። ዱረም ያን ያህል አይነሳም። ግን ውሃ ብዙ ይጠጣል፣ ዳቦውም ቶሎ አይደርቅም። ወፍጮ ቤት ያስፈጨችውን ዱቄት ከፉርኖ ዱቄት ጋር የምትቀላቅል ሴት ሁለቱንም እያገኘች ነው። አንዱ ያነሳላታል፣ ሌላው እርጥበቱን ይይዝላታል።

የፋብሪካ ዳቦ ታሪክ ሌላ ነው። የጣሊያን ዘመን የዳቦ ቤቱን ልማድ በከተሞች አስፋፋ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሸገር ዳቦ ሥራ ጀመረ።

ሊጡ

ለአንድ መካከለኛ ምጣድ 2 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። ውሃው 1 ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ ለብ ያለ መሆን አለበት። ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ። ጥቁር አዝሙድ እንደ ፍላጎት፣ የተፈጨ ኮረሪማ 1 የሻይ ማንኪያ። ነጭ አዝሙድ የሚጨምሩ አሉ፣ ድንብላል የሚጨምሩም አሉ። ስኳር ላይ ሰው ይከራከራል። ጥቂት ዘይት ግን የሚጠላ የለም። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ስለማይገባበት ለጾምም ይሆናል።

እርሾው ከባለፈው ሊጥ ተርፎ የተቀመጠ ወይም ከሱቅ የተገዛ ደረቅ እርሾ ነው። የሱቁ ቶሎ ያነሳል። የቤቱ ያድራል፣ ትንሽ ጎምዘዝ ያለ ጣዕምም ይሰጣል።

ለስላሳና እርጥብ ዳቦ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር የሊጡ ቅጥነት ነው። የድፎ ሊጥ እጅ ላይ ይለጠፋል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ይደነግጥና ዱቄት ይጨምራል። እዚያ ላይ ዳቦው አለቀለት። ዱቄት ሳይሆን የእጅን መዳፍ ውሃ ወይም ዘይት ማስነካት ነው የሚሻለው። በደንብ ይታሻል፤ መጀመሪያ የተበጣጠሰው ሊጥ ቀስ በቀስ እየተሳሳበ፣ ከሳፋው ጠርዝ እየለቀቀ ይመጣል። ከዚያ ተሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ኩፍ ብሎ እጥፍ ሲያክል ደርሷል። ብዙ ቆይቶ ኩፍ ካለ በኋላ መልሶ ከተሟሸሸ ግን ዳቦው ይኮመጥጣል፣ መሃሉም ይረግባል።

ኮባው

ኮባ ከሙዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ግቢ አጥር ሥር ለጥላና ለውበት የቆመ ኮባ አለ። የበዓል ዋዜማ ላይ የዚያ ግቢ ባለቤት ጎረቤት ይበዛበታል። የሌለው ከገበያ ይገዛል፤ ከቄጤማው ጎን ተጠቅልሎ ይሸጣል።

ቅጠሉ ይታጠባል። የመሃል ጅማቱ በቢላ ይላጣል፤ ካልተላጠ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚያ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ መልኩ ከደብዛዛ አረንጓዴ ወደሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል፣ እንደ ጨርቅም ይተጣጠፋል። ምጣዱ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ መስቀለኛ ሆኖ ይነጠፋል። ጫፎቹ ከምጣዱ ተርፈው ይንጠለጠላሉ። ሊጡ መሃል ላይ ይገለበጥና በእርጥብ እጅ ይስተካከላል። የተረፈው ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከላይ ሌላ ቅጠል ይደረብበታል።

የኮባ ሥራ ለማማር ብቻ አይደለም። ዳቦ ሲጋገር ከሊጡ ብዙ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ቅጠሉ ያንን እንፋሎት አፍኖ ስለሚይዘው ላዩ ቶሎ ደርቆ ድንጋይ አይሆንም። ሊጡ ከምጣዱ ጋር አይጣበቅም፣ አያርርም። ጠረኑንም ያወርሰዋል። የሙዝ ቅጠልም ይሠራል፤ ጠረኑ ትንሽ ቢለይም ሥራውን አያጓድልም። በፎይል የተጋገረውን ድፎ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አሁንም አለ። ዳቦ ነው። ድፎ ለማለት ግን አፍ ይከብዳል።

እሳቱ

ሰው በሁለት ወገን ጭንቅ ሲይዘው «እንደ ዳቦ ከላይ እሳት ከታች እሳት» ይላል። አባባሉ አጋገሩን ቁልጭ አድርጎ ይነግረናል። ከታች ለስ ያለ እሳት ይነዳል፤ ኩበት ካለ ይመረጣል፣ ነበልባሉ አይቸኩልምና። ከላይ ይከደንና ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። የላዩ ፍም ከሌለ ዳቦው መሃል ላይ መገልበጥ አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ጮኸው የማያውቁ ሴቶች የሚጮሁበት ሰዓትም ይኸው ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሞቀው ከታች ብቻ ስለሆነ መገልበጡ አይቀርም። ከላይም ከታችም የሚሞቁት ክብ የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያዎች ይህን ችግር ፈተዋል። በኦቨን ለሚጋግር 180 ዲግሪ ላይ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ይጨመራል።

መብሰሉን ለማወቅ ስንጥር መሃሉ ድረስ ይወጋል። ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሃሉ 95 ዲግሪ ገደማ መድረሱን ያያል። ልምድ ያላቸው እናቶች ሁለቱንም አይፈልጉም። ጠረኑ ሲለወጥና ኮባው ቡናማ ሆኖ ሲኮማተር ይነሳሉ።

ከወጣ በኋላ ወዲያው መቁረስ ፈተና ነው። ግን መታገስ ያስፈልጋል። ትኩሱ ዳቦ ውስጥ ያለው እንፋሎት ገና አልተረጋጋም፤ በቢላ ሲነካ ይጨማደዳል፣ ያልበሰለም ይመስላል። ኮባው ሳይገፈፍ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀዘቅዛል።

የሚቆረስበት ጊዜ

በኦርቶዶክስ ቤት ዳቦውን የሚቆርሰው ቄስ ካለ ቄሱ፣ ከሌለ አባወራው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ጸሎት ይደረጋል፣ በቢላው ጫፍ ላዩ ላይ መስቀል ይሠራል፣ ከዚያ ይቆረሳል። በሰንበቴና በማኅበር ድፎና ጠላ አብረው ይቀርባሉ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካም ቡናው ሲፈላ ከፈንዲሻው ጎን ድፎ አይጠፋም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲመጣ ተራው የሙልሙል ነው። ደብረ ታቦር ላይ ብርሃን ሆኖ ሲያመሹ ለቀሩ እረኞች ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው መጡ የሚለው ትውፊት የዚያን ቀን ይነገራል።

ቤተ እስራኤላውያን ዳቦውን ዓርብ ለሰንበት ይጋግራሉ። ቄሱ ባርኮ የሚያከፋፍለው የሰንበት ዳቦ በረከቴ ይባላል። በእስራኤል ዛሬም ልማዱ አለ። ከአይሁድ የስርየት ቀን ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለው የቤተ እስራኤላውያን በዓል ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ፓርላማ በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ የዕለቱ ጾም ሲፈታም ዳቦ ይቆረሳል።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከእስያና ከላቲን ሱቆች በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ይገዛሉ። ቀዝቅዞ ስለቆየ ሲፈታ ራሱ ይለሰልሳል፣ እሳት ብዙ አይፈልግም።

የሙዝ ዳቦ የሚባለውን ጣፋጭ ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የታወቀ ነው። በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ሶዳ ወይም በቤኪንግ ፓውደር ይነሳል፤ ከዳቦ ይልቅ ለኬክ ይቀርባል። እርጥበቱ የሚመጣው ሊጡ ውስጥ ከተፈጨው የበሰለ ሙዝ ነው። ያኛው ፍሬውን ከውስጥ ይጨምራል፣ ድፎ የዘመዱን ቅጠል ከውጭ ይለብሳል።

ሲያድር

በደንብ የተጋገረ ድፎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ስህተት ነው። ቅዝቃዜው ሻጋታውን ቢያዘገይም የዳቦውን ስታርቹን ቶሎ ያጠነክረዋል፤ ውጭ ካደረው ይልቅ ፍሪጅ ያደረው ይደርቃል። ብዙ ከተረፈ ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትና ሲፈለግ ማሞቅ ይሻላል። የደረቀው ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ይፈረፈራል፤ ዳቦ ፍርፍር ጠዋት ከሻይ ጋር ከዋናው ዳቦ የሚያስበልጡት አሉ።