ሜሪት ስኮላርሺፕና ቀሪው ክፍያ

በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣ ተማሪ የሚጠየቀው የትምህርት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከነዋሪው እጅግ ስለሚበልጥ፣ በውጤት ብልጫ የሚሰጠው ሜሪት ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ ያንን ልዩነት ከማጥበብ አያልፍም። ለምሳሌ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 52,000 ዶላር በሆነበት ዩኒቨርሲቲ 20,000 ዶላር የተሰጠው ልጅ 32,000 ይቀርበታል፤ በሚኖርበት ግዛት ያለ ስኮላርሺፕ 30,000 ቢከፍል ግን፣ የሚያኮራ ደብዳቤ ባይደርሰውም፣ ርካሹ ይኸኛው ነው። ብድር ዩኒቨርሲቲው በሚልከው የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ላይ ከስጦታው ጎን ቢሰፍርም የሚመለስ ዕዳ ስለሆነ ከወጪው አይቀነስም። ስኮላርሺፑ ለአራቱም ዓመታት መሆኑንና በየዓመቱ ለማደስ የሚፈለገውን አማካይ ውጤት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በምዕራብ ግዛቶች ደግሞ በመካከላቸው ባለው የልውውጥ ስምምነት ከሌላ ምዕራባዊ ግዛት ተቀባይነት ያገኙ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ከነዋሪው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ (150 በመቶ) አይበልጥም።