ድሪፍት ምንድን ነው?

አጎቴ የላዳ ታክሲ ነበረው። ሰማያዊና ነጭ፣ የድሮዋ። ክረምት ላይ ከትምህርት ቤት ሲመልሰኝ አንድ የኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ እጥፍ ስንል የመኪናዋ ኋላ ሸርተት ይላል። እኔ ደንግጬ ወንበሩን ጭምድድ አድርጌ እይዛለሁ። እሱ ግን ፍሬን አይነካም። መሪውን ጭራዋ ወደሄደችበት በኩል ትንሽ ይመልስላታል፣ ቤንዚኑን በስሱ እንደረገጠ ይቆያል፣ ላዳዋም ቀጥ ትላለች። "አይዞህ፣ ጭራዋን ነው ያወዛወዘችው" ይለኝ ነበር።

አጎቴ ድሪፍት የሚባለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ግን እጁ የሚሠራው ያንኑ ነው። ልዩነቱ፣ እሱ መንሸራተቱን ያስቆመዋል። ድሪፍት የሚነዳ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ይጀምረዋል፣ ከዚያም እንዳይቆም ይንከባከበዋል።

ድሪፍት ማለት የኋላ ጎማዎች አስፋልቱን መቆንጠጥ እንዲያቅታቸው አድርጎ፣ መኪናውን በጎኑ እያንሸራተቱ ኩርባውን መጨረስ ነው። ኩርባው ወደ ቀኝ ነው እንበል። የመኪናው አፍንጫ ከሚገባው በላይ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ የፊት ጎማዎቹ ግን ወደ ግራ ያያሉ። ሾፌሩ መንገዱን የሚያየው በፊት መስታወት ሳይሆን በጎን መስኮት ነው። ይህን ሁሉ የሚይዙት በዋናነት መሪና ቤንዚን ናቸው። ቤንዚኑ ከበዛ መኪናው እንደ እንዝርት ይሾራል። ድንገት ከተለቀቀ ጎማዎቹ አስፋልቱን መልሰው ይነክሱና መኪናውን ወደ ሌላ ጎን ይወረውሩታል። በሁለቱ መሃል መቆየት ነው ጨዋታው።

ማስጀመሪያው ብዙ ዓይነት ነው። የእጅ ፍሬን ሳብ አድርጎ የኋላ ጎማዎችን ለአፍታ ማሰር አንዱ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ሞተሩን አስጩሆ፣ ድንገት መልቀቅ ሌላው ነው። ጉልበት ያለው መኪና ቤንዚን ሲሰጠው በራሱ ጭራውን ያወጣል። እኔ የምወደው ግን የራሊ ሾፌሮች የሚሠሩትን ነው። ከኩርባው በፊት መኪናውን መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘነብሉታል፣ ከዚያ መልሰው ይጥሉታል። ክብደቱ ራሱ ኋላውን ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ ነው በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና የሚፈለገው። በቪትዝ የእጅ ፍሬን ስቦ መዞር ይቻላል። ግን ቪትዝን የሚጎትተው የፊት ጎማ ነው። ቤንዚን በሰጠኸው ቁጥር ቀጥ ይላል፣ መንሸራተቱም ይሞታል።

ነገሩ እንደ ጥበብ ያደገው ጃፓን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ በ1961 የሞተር ሳይክል ግራንድ ፕሪ በማሸነፍ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነበር። በኋላ ወደ መኪና ዞረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒሳን ስካይላይን ሲወዳደር ወደ ኩርባው በከፍተኛ ፍጥነት ይገባና ኋላውን እያንሸራተተ ይወጣ ነበር። ተመልካቹ አበደለት። ካበዱት ወጣቶች አንዱ ከናጋኖ የመጣው ኬይቺ ቱቺያ ነው። ቱቺያ የተማረው በተራራ መንገዶች ላይ፣ በሌሊት ነው። በ1987 በተራራ ላይ ሲነዳ የተቀረጸው ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና "የድሪፍት ንጉሥ" ተባለ። በጣም ደስ የሚለኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1995 ታካሃሺና ቱቺያ፣ መምህሩና አድናቂው ማለት ይቻላል፣ ከአኪራ ኢዳ ጋር በአንድ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ፈረንሳይ ውስጥ ለሚካሄደው የ24 ሰዓት የሌ ማን ውድድር ተሰለፉ። በምድባቸው አንደኛ ወጡ።

የቱቺያ መኪና ቶዮታ ኤኢ86 ነበር። ጃፓኖች "ሃቺ ሮኩ" ይሉታል፣ ስምንት ስድስት ማለት ነው። ከ1983 እስከ 1987 ተመረተ። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ይህ ብዙ አይደለም። ግን ቀላል ነው፣ ኋላው ይገፋል፣ ርካሽም ነበር። ሌላው ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ሲዞር እሱ በድሮው አሠራር ቀረ። ያ የድሮ አሠራር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከእኛዋ ዲኤክስ። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤክስ የምንላት ኮሮላ ለሃቺ ሮኩ ታላቅ እህቱ ናት። እሷም በኋላ ጎማ ትገፋለች፣ እሷም ቀላል ናት። አውስትራሊያ ውስጥ ድሪፍት መማር የሚጀምሩ ወጣቶች ይህችኑ መኪና እየፈለጉ ይገዛሉ። ሠፈራችን ውስጥ ዲኤክሱን እንደ ሙሽራ የሚወለውል፣ ቸርኬ የሚቀይር፣ ሞላ የሚያሳጥር ልጅ ባየሁ ቁጥር ይህን ልነግረው ያምረኛል።

እዚህ ጋ ነው ስለ ሠሪዎቹ መናገር ያለብኝ። ድሪፍት ከጋራዥ ተነጥሎ አይታይም። ከፋብሪካ እንደወጣ ለድሪፍት ውድድር የሚበቃ መኪና የለም ለማለት ይቻላል።

ዲፈረንሻሉን እንውሰድ፤ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ሳጥን ነው። ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን የሚሰጠው ለሚንሸራተተው ጎማ ነው። አንዱ ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፣ ሌላው ይተኛል። ለድሪፍት ሁለቱም እኩል መዞር አለባቸው። ገንዘብ ያለው ለዚህ የተሠራ ዲፈረንሻል ይገዛል። የሌለው ይከፍተውና ውስጡ ያሉትን ጥርሶች በብየዳ አንድ ያደርጋቸዋል። እንዲህ የተበየደ መኪና በዓይን ሳታዩት ትለዩታላችሁ። ጠባብ ቦታ ላይ ሊቆም ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ እየተጎተቱ ይጮሃሉ፣ ምክንያቱም ውስጠኛው ጎማ ከውጨኛው ቀርፋፋ መሆን አይችልም። ከዚያ የፊት እግሩ አለ። መሪው ከፋብሪካው ልክ በላይ፣ አንዳንዴ እስከ 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ እንዲታጠፍ ክንዶቹ ይቀየራሉ። የእጅ ፍሬኑ ወደ ረጅም ቋሚ ዘንግ ይለወጣል። ወንበሩ ሾፌሩን ወገቡን ሰቅዞ የሚይዝ ይሆናል፣ ውስጡ መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚከላከል የብረት አጥንት ይበየድለታል። ብዙው ሥራ የሚሠራው ከመኪናው ሥር ተኝቶ፣ ግሪስ እየተቀቡ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ልጥቀስ። አኪራ ናካይ ይባላል፣ ጋራዡ ቶኪዮ አጠገብ ቺባ ውስጥ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ፖርሸ በመለወጥ ነው። የጀመረው ግን በሃቺ ሮኩ ድሪፍት፣ "ራፍ ዎርልድ" ከሚባል የጓደኞች ቡድን ጋር ነው። አሁን ፖርሸ ላይ ሰፋፊ ፓራፋንጎ ይገጥማል። ሥራውን ለሠራተኛ አይሰጥም። መኪናው ካለበት አገር ድረስ ራሱ ይሄዳል። ውድ የፖርሸ ቦዲ በዓይኑ ለክቶ፣ በእጁ ይቆርጠዋል። ፓራፋንጎውን በብሎን ያስራል፣ ጠርዙን በማጣበቂያ ይሞላል፣ በጣቱ ያስተካክለዋል። ሲጨርስ ለመኪናው ስም ያወጣለታል። ብዙ የፖርሸ አፍቃሪ እንዲህ መቆረጡን እንደ ነውር ያየዋል። እኔ ከናካይ ጋር ነኝ። ያ እጅ አንሸራትቶ መያዝን በድሪፍት የተማረ እጅ ነው፣ መኪና ሲቆርጥም የማይንቀጠቀጠው ለዚያ ይመስለኛል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢዎች ሌላ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ሳዑዲ ውስጥ "ተፍሒጥ" የሚሉት አለ። በአውራ ጎዳና ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት፣ ተራ መኪና እያወዛወዙ መንዳት ነው። መንገድ ዳር የቆመ ተመልካች ሳይቀር ሞቶበታል። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት 20,000 ሪያል ይቀጣል፣ ለሁለተኛ 40,000፣ ለሦስተኛ 60,000። እኔ ይህንን ድሪፍት ብዬ አልጠራውም። ድሪፍት የተዘጋ ሜዳ ይፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ይህን በደንብ አስተናግዳዋለች። በሶዌቶ ሠፈሮች ውስጥ "ጉሼሼ" የሚሏትን የድሮ ቢኤምደብሊው እንደ እንዝርት የሚያሾሩ ልጆች ነበሩ። ጨዋታቸው በ2014 እንደ ሞተር ስፖርት ዕውቅና አገኘ።

ጃፓንም ከተራራው ወርዳ ሜዳ የገባችው እንዲሁ ነው። ዲ1 ግራንድ ፕሪ የሚባለው የድሪፍት ውድድር በ2000ዎቹ መባቻ ተጀመረ፣ ቱቺያ ከዳኞቹ አንዱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፎርሙላ ድሪፍት በ2004 ተከተለ። በእነዚህ ውድድሮች ቀድሞ የደረሰ አያሸንፍም። ዳኞች የሚያዩት መኪናው የሄደበትን መስመር፣ የተንሸራተተበትን ማዕዘንና አነዳዱን ነው። ከዚያ ሁለት መኪናዎች ጥንድ ሆነው ይገባሉ። የፊተኛው ይመራል፣ የኋለኛው በሩ ላይ ሊለጠፍ እስኪደርስ ይጠጋዋል። የኋላ ጎማ እንደ ሳሙና ያልቃል። ድሮ ቱቺያ በ130 የፈረስ ጉልበት የሠራውን ዛሬ አንዳንዱ ከ1,000 በላይ በሆነ ሞተር ይሠራዋል።

እስቲ የሚቀጥለውን የድሪፍት ቪዲዮ ስታዩ ጭሱን ተዉት። የፊት ጎማዎቹን ብቻ ተከተሉ። ኋላው ሲያብድ፣ ጎማው ሲጨስ፣ ሰው ሲጮህ፣ እነሱ ግን መኪናው ሊሄድበት ወዳለው ቦታ እያዩ፣ በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ እያሉ፣ በእርጋታ ይንከባለላሉ። ልክ እንደ አጎቴ እጅ።