የአሜሪካ የመኪና መጽሔቶች ከኦርጅናል ይልቅ ሞዲፋይ የተደረገ አሮጌ መኪና ለምን ይመርጣሉ?

የአሜሪካን የአሮጌ መኪና መጽሔቶች ያገላበጠ ሰው ቶሎ የሚያየው ነገር አለ፣ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው መኪና ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ የተቀመጠ ኦርጅናል አይደለም። ቦዲው የ1932 ፎርድ ወይ የ1957 ሼቭሮሌት ይሆንና ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑና ቸርኬው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሄን የአዘጋጆቹ ጣዕም ብቻ ያደርገዋል፣ እውነቱ ግን መጽሔቶቹ የተወለዱት እራሱ ከዚህ ሥራ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ፎርድ በ1932 ባለ 65 ፈረስ ጉልበት ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ተራ ሰው በሚችለው ዋጋ አወጣ፣ ይሄ መኪና ሲያረጅና ሲረክስ ደግሞ ወጣቶች እጅ ገባ። እነሱም ፓራፋንጎውን አውልቀው፣ ኮፈኑን ጥለው፣ ካርብራተር ጨምረው ሙሮክና ኤል ሚራዥ የሚባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ፍጥነት ይለካኩ ነበር። በ1937 ውድድሩን ሥርዓት የሚያስይዝ ማኅበር አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ከሠራዊቱ የመካኒክነት ሙያ ይዘው ተመለሱ። ጋዜጦች ግን እንደ መንገድ ዱርዬ ነበር የሚጽፉባቸው።

በዚህ መሃል ነው ሮበርት ፒተርሰን የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ከሮበርት ሊንድሴይ ጋር ሆኖ በጥር 1948 «ሆት ሮድ» የሚባለውን መጽሔት ያወጣው፣ ሆት ሮድ ማለት ለፍጥነት ሞዲፋይ የተደረገ አሮጌ መኪና ነው። የመጀመሪያውን እትም ሎስ አንጀለስ የመኪና ኤግዚቢሽኑ በር ላይ ቆመው በ25 ሳንቲም ሸጡት። በዓመቱ ዋሊ ፓርክስ አዘጋጅ ሆነ፣ ይሄ ሰው ቀድሞ የሐይቆቹን ውድድር ካደራጁት አንዱ ነበር። በዚያው በ1949 የቦንቪል የጨው ሜዳ ውድድር ተጀመረ፣ በ1951 ደግሞ ፓርክስ እዚያው አዘጋጅ ሆኖ እየሠራ የድራግ ውድድርን (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) አገር አቀፍ ማኅበር መሠረተ። ስለዚህ መጽሔቱ ከውጭ ቆሞ የሚዘግብ አልነበረም፣ የነዚያ ልጆች ድምፅ ነበር፣ ዱርዬ የተባሉትን ልጆች መሐንዲስነት ለአገር ያሳየም እሱ ነው። ኦርጅናል መኪና መጠበቅ ጉዳያቸው አልነበረም፣ በዚያን ጊዜ የ1932 ፎርድ ቅርስ ሳይሆን ርካሽ አሮጌ መኪና ነበርና።

ቀጥሎ የማስታወቂያው ነገር አለ፣ እንደኔ ዋናው ምክንያት እሱ ነው። ቪክ ኤደልብሮክ ማኒፎልድ (አየርና ነዳጅ ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍል ቱቦ) ይሠራ ነበር፣ ኤድ ኢስኬንዴሪያን ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) ይፈጭ ነበር፣ ስቱ ሂልቦርን የነዳጅ ኢንጀክሽን ይሠራ ነበር፣ ሁሉም ከትንሽ ጋራዥ የተነሱ ናቸው። ካሊፎርኒያ የተሠራን ዕቃ ኦሃዮ ላለ ልጅ ለመሸጥ ከመጽሔት ማስታወቂያ የተሻለ መንገድ አልነበረም። በ1963 የዕቃ አምራቾቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እራሱ ኢስኬንዴሪያን ነበር፣ በ1967 ደግሞ ዶጀር ስታዲየም ውስጥ የመጀመሪያውን ትርዒታቸውን አዘጋጁ። ኦርጅናል መኪና ያለው ሰው ምን ይገዛል? ዘይት፣ ሰም፣ አልፎ አልፎ አንድ መለዋወጫ። ሞዲፋይ የሚያደርገው ግን ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲስክ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ ይገዛል፣ እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ማስታወቂያ የሚያወጣ ፋብሪካ አለው።

አዘጋጁ ደግሞ በየወሩ ገጽ መሙላት አለበት። ንጹሕ ኦርጅናል መኪና አንድ ጽሑፍ ነው የሚወጣው፣ ታሪኩ ተነግሮ ፎቶው ከታተመ በኋላ በሚቀጥለው ወር ያው መኪና ነው። የሚሠራ መኪና ግን በዚህ ወር ቴስታታው ይከፈታል፣ በሚቀጥለው የታምቡር ፍሬኑ ወርዶ ዲስክ ይገባል፣ ከዚያ ቀለም። ትልቁ ምሳሌ «ፕሮጀክት ኤክስ» የሚባለው ቢጫ የ1957 ሼቭሮሌት ነው። «ፖፑላር ሆት ሮዲንግ» መጽሔት በ1965 በ250 ዶላር ገዛው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሞተር እንደተፈራረቀበት! መጽሔቱ እራሱ በ2014 ሲዘጋ መኪናው ግን ተረፈ፣ በ2021 በኤሌክትሪክ ሞተር ሆኖ ትርዒት ላይ ወጣ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ከአንድ መኪና ጽሑፍ ተገኝቷል፣ ኦርጅናሉን ጠብቀውት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይጻፍም ነበር።

ሥራውን ያቀለለው ሌላው ነገር በ1955 የወጣው የሼቭሮሌት ትንሹ ቪ8 ነው። ቀላል፣ ርካሽ፣ የትም የሚገኝ፣ ከማንኛውም አሮጌ ቦዲ ውስጥ የሚገባ ሞተር ሆነ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ2011 መቶ ሚሊዮነኛውን ሠራሁ ብሏል። መጽሔት አንድ ጊዜ ስለሱ ያስተማረው ነገር ለመቶ ሺዎች አንባቢ ይሠራል፣ የአንድ ብርቅ መኪና ካርብራተር አሰካክ ግን የሚጠቅመው ለጥቂት ባለቤት ነው። በ1997 ኮርቬት በሚባለው የሼቭሮሌት ስፖርት መኪና ላይ የወጣው ኤልኤስ1 ሞተር ደግሞ ቦታውን ወረሰ።

ሰባዎቹና ሰማኒያዎቹ ደግሞ የስትሪት ሮድ፣ ማለትም ለውድድር ሳይሆን መንገድ ላይ ለመንዳት ሞዲፋይ የተደረገ አሮጌ መኪና ዘመን ናቸው፣ «ስትሪት ሮደር» የሚባለው መጽሔትም በ1972 ወጣ።

ኦርጅናል ወዳዶች ዝም አላሉም፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። መኪና ኦርጅናል የሚሆነው አንዴ ነው፣ አንዴ ከተበየደና ከተቆረጠ መመለሻ የለውም ይላሉ። ከ1973 ጀምሮ ያለው ብሉሚንግተን ጎልድ የሚባለው የኮርቬት ትርዒት መኪኖቹን በፋብሪካ አሠራራቸው ይመዝናል፣ በ1954 የተጀመረው «ሄሚንግስ» መጽሔትም ለኦርጅናሉም ሰፊ ቦታ ይሰጣል። እንግሊዝ ደግሞ ሚዛኑ ሌላ ነው፣ በ1982 የተጀመረው «ክላሲክ ኤንድ ስፖርትስ ካር» መጽሔት ለታሪክና ለትክክለኛነት ያደላል። የሆት ሮድ ሰዎች መልስ ግን አሳማኝ ነው፣ ዛሬ የ1932 ፎርድ የብረት ቦዲ አዲስ ተሠርቶ ስለሚሸጥ ሞዲፋይ ለማድረግ የግድ ኦርጅናል መቁረጥ አያስፈልግም። ደግሞም ዲስክ ፍሬንና የደህንነት ቀበቶ የገባለት አሮጌ መኪና ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ «ሆት ሮድ» ከ1995 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የብዙ ቀን የጋራ ጉዞም ለዚሁ ነው። እኛም አገር ቮልስ ስንት ዓመት መንገድ ላይ የቆየው መካኒኩ በተገኘው ዕቃ እያስማማ ስለሠራው እንጂ ኦርጅናል ዕቃ ስለተጠበቀለት አይደለም።

አንባቢው ነው ማስታወቂያውን የሳበው ወይስ ማስታወቂያው ነው አንባቢውን የቀረጸው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፣ ምናልባት ሁለቱም። በታኅሣሥ 2019 የመጽሔቶቹ ባለቤት ኩባንያ ከ22 የህትመት መጽሔቶቹ 19ኙን ዘጋ፣ «ካር ክራፍት»ም «ስትሪት ሮደር»ም «ሱፐር ሼቪ»ም አብረው ሄዱ። ከተረፉት ሦስቱ አንዱ «ሆት ሮድ» ነበር።