ማኅበሩ ቢያሠለጥንም ግዴታው የአሠሪው ነው

«የሠራተኛ ማኅበራችን ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት ካሠለጠነን፣ አሠሪው ከኃላፊነት ወጣ ማለት ነው?» ብዙዎች ይህን ይጠይቃሉ። አልወጣም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት፣ ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሠራተኛውን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። የአደጋ መከላከያ ዕቃም የሚያቀርበው እሱ ነው።

ልዩነቱ ለምሳሌ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ በደንብ ይታያል። ማኅበሩ ኬሚካል ቆዳን እንደሚጎዳ አዳራሽ ሰብስቦ ያስተምራል። ከፊታችሁ ያለው በርሜል ምን እንደያዘ፣ የትኛው ጓንት እንደሚያስፈልገው ሊነግራችሁ የሚገባው ግን አሠሪው ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ሠራተኛው የደኅንነት መመሪያ ደርሶኛል ብሎ የሚፈርመው ፊርማ ነው። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን አይጠየቅም፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ «መመሪያው ደርሶኛል» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ የሚቸገር ባልደረባ ካለ አንብቡለት። ያልገባችሁን እዚያው ጠይቁ፣ ቅጂውንም ተቀብላችሁ ያዙ።